የታምራት በርሜልና ወንዛችን

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ማታ 2፡30
ዛሬም አምስት ሱሪ አሳጠርኩ። ሁሉም ጂንስ፣ ሁሉም የወንድሜ የታምራት፤ የምሰፋውም እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። ልባሽ ናቸው። ጓሮ በርሜል ውስጥ ቀለም ይነክራቸውና አዲስ አስመስሎ ይሸጣቸዋል። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነዋል፤ በሳሙናም አይለቅም። እጣቢው ወንዝ ነው የሚገባው። አውቃለሁ፣ ማስታወሻዬ። አውቄ ዝም ብያለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ። ከሰዓት
እትዬ አስናቀች መጡ። ከእኛ በታች፣ ወንዙ ዳር የቡና ችግኝ አፍልተው ይሸጣሉ። ሦስት ችግኝ ከነፕላስቲኩ ስፌት ማሽኔ ላይ አስቀመጡ። ቅጠሉ እሳት የነካው ይመስላል። ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ሲቀንስ ቀለሙ ወፈረ፤ የሚያጠጡት ደግሞ ከዚያ ነው። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ይህን ውሃ ትጠጪዋለሽ?» ብቻ አሉኝ።

አመሻሽ ላይ
ከታምራት ጋር ተጣላን። ወይ እጣቢውን ወንዝ አትድፋ፣ ወይ ማቅለሙን ተው አልኩት። ሳቀ!
«ያ አዲሱ ጂንስሽስ? እሱን ያቀለመው ፋብሪካ እጣቢውን የት የሚደፋ መሰለሽ?»
ደሜ ፈላ። እውነቱን ነዋ! ጥጡ ስንት ውሃ ጠጥቶ፣ ጨርቁ ስንቴ ታጥቦ እኔ ጋ እንደደረሰ ጠይቄ አላውቅም። የራሴ ወንዝ ሲነካ ነው የነደደኝ። ቢሆንስ? የሩቁ ጥፋት የእሱን ያጸድቃል እንዴ?

የካቲት 7፣ ቅዳሜ
የገበያ ቀን። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነጣ ጂንሷን ልታስነክር መጣች። ጨርቁን ዳበስኩት፤ ወፍራም፣ ጤነኛ። የሳሳው ጉልበቱ ብቻ ነው። አይነከር፣ ልጣፍልሽና ገና ዓመታት ትለብሺዋለሽ አልኳት። ጓደኞቼ ይስቁብኛል አለች። ይሳቁ! ከውስጥ ደርቤ ሰፋሁት። ለብሳው ሄደች። ታምራት በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። ገበያዬን ዘጋሽብኝ ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ ማሽንሽን ይዘሽ ውጪልኝ አለኝ።
የእናቴ ልጅ!

የካቲት 9፣ ሰኞ
ማሽኔን በባጃጅ ጭኜ ወጣሁ። እትዬ አስናቀች በረንዳቸውን ሰጡኝ። ቀለም የተነከረ ሱሪ ከእንግዲህ አልነካም፤ የሳሳውንና የተቀደደውን እጥፋለሁ። ለራሴም አዲስ አልገዛም።
እማዬ ደውላ አለቀሰች። የወንድምሽን እንጀራ አትዝጊ አለች። የእትዬስ እንጀራ? ማን አለቀሰለት?
እትዬ ታምራትን ቀበሌ ከሰውታል፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይሰማቸዋል። ምስክር የለኝም ብለው ተጨንቀዋል። ምስክርማ አላቸው። ያንን እጣቢ በባልዲ እየቀዳሁ ስንት ቀን ወንዝ የደፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወንድሜ ነው። እሄዳለሁ።