የወይዘሪት ትከሻ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ጉልበቱ ደረጃ አላስወጣ ከማለቱ በስተቀር ደህና ነው። ይበላል፣ ራዲዮኑን ይሰማል፣ በእኔ ላይ ይጮሃል። ስለዚህ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ፎቶውም ደርሶኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስውል አባባ ብቻውን መቅረቱ እንዳሳሰበህ ጽፈሃል። ያገኘህለት የአረጋውያን ማረፊያ ግቢው ሰፊ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ነርሶቹ ሳቂታ ናቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ አባባ የሚሰማው አንቺን ነው፣ አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ እሱም ይገባል ብለሃል። ይህቺን መስመር ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩና ታጥቦ የደረቀ ልብስ አውጥቼ እንደ አዲስ አጠብኩ።

ጋሼ፣ ይህቺን ቃል ካንተ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው የት እንደነበር አትረሳውም፤ ብትረሳው ደግሞ እኔ አለሁ።

መካነ እንስሳቱ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል አለፍኩ። የዝንጀሮዎቹ አጥር ተነቅሎ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ የጉማሬው ገንዳ አፈር ተሞልቶ አበባ ተተክሎበታል። የአባባ የዘብ ቤት ብቻ በሩ ላይ ቀርታለች፣ ወንበሯም ሳይቀር። ሠላሳ ዓመት ያንን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ሲወጡ በግራ ካለው ከቄራው በኩል፣ የአንበሶቹ ሥጋ ይመጣል፤ ከቀኝ፣ ከአውራ ጎዳናው፣ ጎብኚው ይመጣል። ሦስታችንም እዚያ ግቢ ውስጥ ነው የኖርነው፤ እሱ ዘበኛ፣ አንተ የእንስሳቱ ሐኪም፣ እኔ የሜዳ አህያዋ ተንከባካቢ።

ወይዘሪት ያልኳት እኔ ነኝ፤ አረማመዷ ማንንም ከቁብ የማትቆጥር ኮረዳ ስለሚመስል። ለሌላው ሰው ጀርባዋን ትሰጣለች። አንተን ደግሞ በመርፌህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ረግጣሃለች፤ ስንት ቀን እንደሳቅኩብህ ታውቃለህ።

ግቢው ይዘጋል ሲባል ሌሎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። አንድ ቀን መጥተህ ጥብቅ ስፍራ ተገኘላት፣ መንጋ አለ፣ ሣር አለ አልከኝ። ችግሩ የማጓጓዣው ሳጥን ነበር፤ የሜዳ አህያ በግድ ከገፋሃት ራሷን ትሰብራለች። ያኔ ነው አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ እሷም ትገባለች ያልከኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ካሮት ይዤ፣ እጄን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ሳጥኑን አስለመድኳት። በቀኑ ገባሁ፤ ተከተለችኝ፤ እኔ ከፊት ባለችው ጠባብ በር ሾልኬ ስወጣ አንተ የኋላውን ዘጋህ። አልተራገጠችም። ጎበዝ ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ፣ እኔም ኮራሁ። እስከ በር ልሸኛት ስል ሽታሽን ካገኘች ትረበሻለች፣ እዚሁ ቅሪ አልከኝ። ባዶው ጋጣ ውስጥ ቆሜ የመኪናውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። በሩን የከፈተላችሁ፣ መኪናው ወዴት እንደዞረም ያየው አባባ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይዘሪትን አንስቶ አያውቅም፤ ናፍቆት ነው ብዬ ነበር።

አንተ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄድክ በኋላ ከደብዳቤህ ጫፍ የእሷ ወሬ አይጠፋም ነበር። ወፈረች፣ ከመንጋው ተላመደች። በዓመቱ ፎቶ ላክህ። ወይዘሪት ግራ ትከሻዋ ላይ አንዱ ጥቁር መስመር እንደ ሹካ ይከፈላል። ሰባት ዓመት በብሩሽ ያበጠርኩት ትከሻ ነው። ፎቶው ላይ ሹካ የለም። ምናልባት ተገልብጦ ታጥቦ ቀኟ ግራ ሆኖ ይሆናል ብዬ መስታወት ፊት ይዤው ቆምኩ። ቀኟንም አውቀዋለሁ፤ እሱም አልነበረም። አንተን ላለመጠርጠር ብዬ፣ ጋሼ፣ መስታወት ፊት ቆምኩ።

ከዚያ ጻፍኩልህ። ትከሻዋ ላይ ያለው ሹካ በፀሐዩ ደበዘዘ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። የሌላ የሜዳ አህያ ፎቶ በስህተት ሰጥተውኝ ይሆናል ማለት ትችል ነበር። አንተ ግን እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ደምቋል ብለህ መለስክልኝ። ያን ቀን ወይዘሪት ከየትም መንጋ እንዳልደረሰች ገባኝ።

ሦስት ዓመት ምላሴን ነክሼ ኖርኩ። ወይዘሪትን ሳምልኝ እያልኩ ስጽፍልህ ማሽሟጠጤ አልነበረም፤ እስቲ ይናገር ብዬ ዕድል እየሰጠሁህ ነበር።

የሚቀበላት ጠፋ ብትለኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። ሳምንት አላናግርህም ነበር። ከዚያ ግን አንገቷን አቅፌ እቆምልህ ነበር፤ መርፌ ስታይ የምትደገፈው እኔን ነበርና። እሱን ከለከልከኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን በእኔ እጅ አስገባሃት። ከዳኸኝ። እሷን አይደለም፤ እሷ መቼም አምናህ አታውቅም። የከዳኸው እኔን ነው።

የማረፊያውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሣሩ ያምራል። ምናልባት ዘንድሮ እውነትህን ይሆናል። እኔ ግን አንተ የላክኸውን ፎቶ የማምንበት ዓይን የለኝም፤ አባባንም ቀድሜው አልገባም።

ከእሱ ግን አልደበቅኩም። ትናንት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሳለ ደብዳቤህን አነበብኩለት፣ ፎቶውንም ሰጠሁት። ብዙም አላየው። የሚወስደኝ ሐኪሙ ነው ወይ አለኝ፤ በስምህ ጠርቶህ እንደማያውቅ ታውቃለህ። አዎ፣ በመኪና መጥቶ ይወስድሃል አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና፣ ከበራችን ስንወጣ መኪናው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚዞረው ብሎ ጠየቀኝ።

ና፣ ራስህ መልስለት።

ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህም ዕድሜህን ሙሉ የሚያምኑህ ይሁኑ።

ታናሽ እህትህ