የሀጂ ሀሚድ ላንድሮቨር ድምፅ

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 1976 ዓ.ም.

ጀምበሩ ወንድሜ፣

ካርዱ ላይ የጣና ታንኳ ያለው እዚህ ሱቅ ሌላ ስላልተገኘ ነው። እስከዛሬ ከነዳነው መኪና የማይረሳው የቱ ነው እያልን ጋራዡ ውስጥ የምንጨቃጨቀው ነገር አበቃለት፤ የሀጂ ሀሚድ አሮጌ ላንድሮቨር ነው።

ሀጂ መሰላ በምትባል የገጠር ከተማ ያሳደሩኝ ነጋዴ ናቸው። የመኪናቸው ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ ተበስቶ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ብሰማ፣ ለውለታቸው ብዬ ትናንት በየድኩት። ዛሬ ጠዋት መሪውን ለኔ ሰጥተው ወደ አሰበ ተፈሪ ስንጓዝ ሞተሩ መኖሩም አይሰማም። እኔ ስኮራ እሳቸው ዳር ዳሩን ያያሉ። ሰው የለም። አንድ ኩርባ እንዳለፍን ከኋላ ጩኸት ሰማን፤ ሳፊያ የምትባል ቀኗ የደረሰ እርጉዝ፣ ባሏ ደግፏት ከዳገቱ ትወርዳለች።

«እዚህ ሰው ከቤቱ የሚወጣው የዚችን ድምፅ ሰምቶ ነው» አሉኝ ሀጂ፣ ሳይቆጡ። «አብሽር፣ አላወቅክም።»

ሳፊያ እስክትደርስ መኪናው ሥር ገብቼ፣ እጄ እየተለበለበ ማርሚታውን ፈታሁት። ከዚያ እያጓራን ስንሄድ ከየኩርባው ሰው ብቅ አለ፤ አሥራ አንድ ሆነን ከተማ ገባን። እኛ ጋ ናዝሬት ቢሆን በዚህ ድምፅ ትራፊክ ያስቆመን ነበር፤ እዚህ ያስቆመን ተሳፋሪ ነው። ሳፊያ ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ ተገላግላለች።

ቦታው ጠበበ። ባለቤትህን አይናዲስን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ሀጂ ማርሚታውን ለማስታወሻ ሰጥተውኛልና ከጋራዡ በር በላይ ሚስማር ምታልኝ። እንደሱ አሳምሬ የበየድኩት ዕቃ የለም።

ውብሸት