ዌንደል በዝምታ አይቀበርም

ለተከበሩ አቶ ብራይስ ሃልቮርሰን
የሚልፎርክ ከተማ ከንቲባ
ኦሃዮ

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትን፣ ለጆሮዎ ደግሞ ልዩ ሰላምን እመኛለሁ። ጆሮዎ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ መልስ ስለተረዳሁ፣ ይህንን የምጽፈው ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቅሁ ነው። በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም ለብቻዎ በማንበብ እንዳይደክሙ በማሰብ ነው።

ሎሬታ ፕሩት እባላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴ ዌንደል ሞቶብኛል፤ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እቀብረዋለሁ። በወጣትነቱ ቬትናም ዘምቶ የተመለሰ፣ ከዚያም ዕድሜውን በሙሉ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚወደው የ1969 ፖንቲያክ መኪናውን፣ ከአባቱ የወረሰውን የአደን ጠመንጃ እና እኔን ነበር። በቅደም ተከተሉ ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸቴን ነው።

አያትዎ በሕይወት ቢኖሩ እንደሚነግሩዎት፣ እኛ ሰው ስንቀብር ሥርዓት አለን። የዘማቾች ማኅበር ሽማግሌዎች በመቃብሩ አጠገብ ተሰልፈው እርሳስ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ ያለው ጥይት ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ቀጥሎ የሟች ሚስት የሟችን መኪና ታስነሳለች፤ ወዳጆቹም በመቃብሩ ግቢ በር ላይ ያቆሟቸውን አሮጌ መኪኖቻቸውን አስነስተው አብረዋት ያስጮሃሉ። ሳጥኑ ጉድጓድ ሲገባ መጀመሪያ ሞተር የምታጠፋው እርሷ ናት፤ ከዚያ ሁሉም ያጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ሰምቶ ያላለቀሰ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም።

ለዚህ ፈቃድ ብጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ አዲሱን የድምፅ ደንብ ጠቅሶ ከለከለኝ። በዚህም የተሰማኝን ምስጋና እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከመቃብሩ ማዶ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ለሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ዕረፍት ስለተጨነቁ አመሰግናለሁ። ያ ቦታ ዌንደልና ጓደኞቹ በጎረምሳነታቸው መኪና የሚሽቀዳደሙበት ሜዳ ነበር፤ ቤት ሻጮቹም ይህንን ሰምተው ለገበያ እንዲያምር መንገዱን «ፒስተን ጎዳና» ብለው ሰይመውታል። ፒስተን ጎዳና ላይ ቤት የገዛ ሰው የሞተር ፒስተን ሰምቶ እንዳይደነግጥ ደንብ ማውጣትዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። መቃብሩ ከቤቶቹ በፊት የነበረ መሆኑን ላነሳ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሙታን በምርጫ ቀን እንደማይሰለፉ ትዝ ሲለኝ ተውሁት።

ሁለተኛ፦ አማራጭ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ስልክ ደውላ «ወይዘሮ ፕሩት፣ የተኩሱንና የሞተሩን ድምፅ ቀድተው በስልክ ማጫወት ይችላሉ እኮ፤ ብቻ ከውሻ ጩኸት እንዳይበልጥ» አለችኝ። ይህንን ለባሌ የልብ ወዳጅ ለቨርን ብነግረው በሳቅ ፈንድቶ፣ «ስሚኝ ሎሬታ፣ ታዲያ እሱንስ ምን አስቀበረን? ፎቶውን ቀብረን አንገላገልም!» አለ። ስቆ ሲያበቃ ግን ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ሦስተኛ፦ በየበጋው ስለሚያዘጋጁልን «የድሮ ጊዜ ሳምንት» አመሰግናለሁ። በካርቶን የተሠሩ መኪኖች፣ በቀለም የተሳሉ የነዳጅ ማደያዎች፣ አያቶቻቸው ለብሰውት የማያውቁትን ቀሚስ የለበሱ ልጆች፤ ሁሉም ያማረ ነው። እውነተኛው መኪናና እውነተኛው ሽማግሌ ግን ስለሚጮሁ አይጋበዙም። በእኛ ዘንድ ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል።

በዚሁ አጋጣሚ ለምርጫ ቅስቀሳዎ የተነሡትን ፎቶግራፍ ሳላመሰግን አላልፍም። ጋራዣችን መጥተው ፖንቲያኩ ውስጥ ተቀምጠው፣ የዌንደልን ጠመንጃ ጭንዎ ላይ አጋድመው የተነሡትን ማለቴ ነው። ጥይት እንደሌለው ሁለት ጊዜ ከፍቶ አይቶ ነበር የሰጠዎት፤ መሣሪያ እንደ መጫወቻ የሚይዝ ሰው አይወድም ነበርና። ከሄዱ በኋላ ወንበሩን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ይሄ ልጅ ቁልፉ የት እንደሚገባ እንኳን አያውቅም፤ ግን ይመረጣል» አለኝ። እንዳለውም ተመረጡ።

አራተኛ፦ አራተኛውን ጀምሬ ተውሁት፤ ምስጋናዬ ንዴት እየሆነ አስቸገረኝ።

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ያንን መኪና አስነሥቼ አላውቅም፤ ባሌ አያስነካኝም ነበር። የታመመ ጊዜ ግን አልጋውን ሳሎን አውጥተን ሳስታምመው፣ እንዴት እንደሚነሣ ያስተምረኝ ጀመር። እግሬን ከአልጋው ግርጌ እንጨት ላይ አስደግፌ ቤንዚን እንደምሰጥ አድርጌ እረግጣለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ቀስ በይ አንቺ፣ በረሮ እየገደልሽ ነው እንዴ? ሁለቴ ርገጪና ተይው። አሁን ቁልፉን።» አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ ብሎ «በቃ፣ ተነሣ» አለኝ። ያ እንጨት ለእናንተ ደንብ የሚመጥን ጸጥተኛ ሞተር ነበር። እኔ ግን ባሌን ለእንጨት አልሰጥም። ናፍቆኛል፤ እየጮኸ የኖረ ሰው እንደ ሌባ ተደብቆ እንዲሸኝ አልፈቅድም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ አሟሟቱን በሽታው ወሰደብኝ፣ አቀባበሩን ግን ማንም አይወስድብኝም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የፈቃድ ጥያቄ አለመሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እርስዎም ደንብዎን አይልቀቁ፣ እኔም ቁልፉን አለቅም። ቅዳሜ ጠዋት ተኩሱም ይተኮሳል፣ ሞተሩም ይጮኻል። በፒስተን ጎዳና ያሉት ጎረቤቶቻችን መጥተው አብረውን ቢቆሙ ደስ ይለኛል፤ ከቀብሩ በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ የድንች ሰላጣና የተጠበሰ ዶሮ አለ።

የከተማችንን ጸጥታ ሌት ተቀን የሚጠብቁትን ጆሮዎችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን እያልሁ፣ በታላቅ ትሕትና፣ በታዛዥነት ሳይሆን በአክብሮት ብቻ፣

የዌንደል ፕሩት ሚስት
ሎሬታ ፕሩት

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ደንቡን እንዲያስከብርና እኔን እንዲቀጣ የመደቡት የፖሊስ ባልደረባ፣ ሳጅን ሮስኮ ቲልማን፣ ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። እሱም ዘማች ነው፤ ከተኳሾቹ አንዱ ትከሻው ታሞ መቆም እንዳቃተው ሰምቶ ቦታውን ለመተካት ጠየቀኝ፤ እኔም እያለቀስሁ እሺ አልሁት። ስለዚህ የቅጣት ወረቀቱን የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል፤ ሳጅኑ ሁለቱም እጆቹ ጠመንጃው ላይ ናቸው።