ሸሚዙን ማን ለበሰው?

ነሐሴ 3 ቀን 1976
ሙቀቱ አይጣል ነው። ቢሮ ውስጥ ስድስት ደብዳቤ ተየብኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የቲያትር ድርሰቴን ለጋሼ ገብረ መድኅን ሰጠኋቸው፤ ጡረታ ሳይወጡ ቲያትር ያስተምሩ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ከመረጠው ለአብዮት በዓል መስከረም 2 ይታያል፣ ስሜም ከመድረክ ይጠራል። እማዬ ገና ሳይመረጥ ነጠላዋን አጥባ ሰቅላለች...

ነሐሴ 6
ጋሼ መለሱልኝ። አንድ ቃል አልሰረዙም። "አማርኛ በግማሽ ለሚሰማ ሰው አንብቢለት፤ ፊቱን ሳይሆን እጁን እዪ" አሉኝ። ይሄ ምክር ነው? እኔ እኮ የሄድኩት እንዲያሞግሱኝ ነበር። ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ... አለቀስኩም።

ነሐሴ 11
የደቻቱ ወንዝ ሞልቷል። በድልድዩ ዞሬ መጋላ ገበያ ሄድኩ፣ ጨርቅ ከምትሸጥልን ከፋዱሞ ዘንድ። አማርኛ የምትሰማው በግማሽ ነው፤ ድርሰቱን አነበብኩላት። አንዲት እናት፣ በባቡር ሄዶ የቀረ ልጇን እየጠበቀች በየቅዳሜው ሸሚዙን አጥባ ትተኩሳለች። ፋዱሞ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። መጨረሻ ላይ የእናትየዋ ጎረቤት ስለ ምርት ዘመቻ ንግግር ሲያደርግ ግን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። ሦስት ገጽ ሙሉ አጠፈች!
ስጨርስ፣ "አባዮ፣ እህቴ፣ ሸሚዙን ማን ለበሰው?" አለችኝ።
ማንም። አስቤውም አላውቅ።

ነሐሴ 14
ሦስቱን ገጽ አወጣሁ። የምኮራበት እኮ እሱ ነበር። አሁን እናትየዋ ሸሚዙን ራሷ ለብሳ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። በቃ። መጋረጃ።

ነሐሴ 20
የኪነቱ ኃላፊ ተሰማ አነበበው። "ጓድ የኔነሽ፣ መልእክቱ የታለ?" ንግግሩ ካልተመለሰ አይታይም አለ። ምን ላድርግ? መልእክቱ ቢቀድምስ፣ መጋረጃ ሳይከፈት ቢነበብስ አልኩት። ደስ አለው። ሰው ገና ወንበር ሲፈልግ፣ ማንም በማይሰማበት ሰዓት ማለቴ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ጳጉሜ 4
ፕሮግራሙን የምተይበው እኔው ነኝ። "ድርሰት፦ የኔነሽ ክፍሉ" ብዬ ነበር። ተሰማ አይቶ ይሄ ግለኝነት ነው አለ፤ "የቡድኑ የጋራ ድርሰት" ይባል። በገዛ እጄ ስሜን አጥፍቼ እንደገና ተየብኩ። ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?

መስከረም 2 ቀን 1977
ታየ። እናትየዋን የምትጫወተው በለጠች ሸሚዙን ስትለብስ፣ ከኋላ ለውዝ የሚፈለፍሉት ሳይቀሩ መፈልፈል አቆሙ። ፋዱሞም መጥታ ነበር።
እማዬ እስከ መጨረሻው ስሜን ጠበቀች። አልነገርኳትም ነበር፣ ፈሪ ነኝ። ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ።

መስከረም 6
ከሥራ ስወጣ መጋላ ጎራ አልኩ። ፋዱሞ ለሦስት ሴቶች በሶማሊኛ ታወራለች። ስታየኝ ቁጭ በይ ብላ በእጇ አሳየችኝ፣ ወሬዋን ግን አላቋረጠችም። አንድ ጨርቅ አንስታ እንደ ሸሚዝ ለበሰችው... የኔው ቲያትር! ሶማሊኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ገባኝ። መጨረሻውን ለውጣዋለች። ልጁ ከባቡር ይወርዳል።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንዲህ አይደለም የሚያልቀው ልል ነበር። ተውኩት። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ።
ወደ ታች ሳይ፣ የራሴም እጆች ጉልበቴ ላይ ናቸው።