አፉን የከፈተ ጫማ

ጥቅምት 4

ግጥሙ ነው የሚቀድመው ወይስ ዜማው? ዛሬ ሥራ ጀመርኩና መልሱን አገኘሁ። ሁለቱም አይደሉም። አፍ ነው!

ፊልሙ ተቀርጾ አልቋል። የዘፈኑ ገጣሚ ከጋሼ ቶሎ ጋር ተጣልቶ ግጥሙን ይዞ ሄዷል። (ጋሼ ቶሎ ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ከ«ቶሎ በሉ» ሌላ ቃል የለውም።) የቀረችው ተዋናይቷ ናት፣ በምስሉ ላይ ያለ ድምፅ አፏን ስትከፍትና ስትገጥም። ለዚያ አፍ ቃል ፈላጊዋ እኔ… ይሁን። አንድ ዘፈን፣ ከዚያ የራሴ የግጥም መድበል።

ጥቅምት 9

መስኮት የሌለው ክፍል። «ልቤ» ስል አፏ ክፍት፤ «ናልኝ» ስል ግጥም፤ ቃሉ ከአፏ አልገጥም አለ። ጋሼ ቶሎ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ገጣሚት፣ ምጡ ጠናብሽ?»

ጥቅምት 13

ገጠመ። የገጠመው ግን… ለአባባ የጻፍኩት። ከሞተ ወዲህ እማዬ ጫማውን ከደጃፍ አላነሳችም።

ጫማህ ከደጃፉ፣ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣
እግርህን እንዳጣ፣ ማን ደፍሮ ነግሮታል?

የመድበሌ መክፈቻ ነበር። ልስጠው? እማዬን ጠየቅኋት። ጫማውን እየወለወለች፣ «አባትሽ ሲኒማ ይወድ ነበር» አለችኝ። እሺ ማለቷ ነው?

ጥቅምት 14

ሰጠሁ። ጋሼ ቶሎ እስኪያስለው ሳቀ። «ጫማ! ፊልሙ ላይ ልጁ እኮ ከፍቅረኛው አባት የሚያመልጠው በባዶ እግሩ ነው! እንዴት አወቅሽ አንቺ ሰይጣን?» ወዲያው የሰባት ዘፈን ውል። ግጥሞቹ የድርጅቱ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አይታተሙም። ፈረምኩ። «መድበሌስ?» ስለው፣ «ቆይ እስቲ፣ ቶሎ ቶሎ አትበይ።» እሱ!

ታኅሣሥ 20

ፊልሙ ወጣ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም ጫማህ ጫማህ…

ከሥራ ስመለስ ደጃፉ ባዶ። እማዬ ጫማውን ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። «ያለፈ ያገደመው እያየው ይዘፍናል፣ ልጄ። ምን ላድርግ?»

ጥር 2

የግጥም ምሽት። እማዬ ከኋላ ወንበር ላይ። ዛሬ እንኳ ለአባባ ላንብብለት ብዬ ነበር፤ ያለ ዜማ፣ ቀስ ብዬ።

«ጫማህ…» አልኩ። ዜማው ከአፌ ወጣ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ዜማው! ሰው ሳቀ፣ ማጨብጨብ ጀመረ። ያለ ዜማ እንዴት ነበር የምለው? ጠፋኝ… እማዬ አቀርቅራለች።

ሁሉም አፌን ያያል። ዝም ልል ነበር፤ እውነት ዝም ልል ነበር። እጄን አንስቼ፣ «እስኪ አብራችሁኝ በሉ!» አልኩ።