የቢጫዋ ተርሚናል ጉድ

ለምወድሽ የልጄ ልጅ፣ ለቤታችን ኤሌክትሪክ አዋቂ፤

አስቀድሜ አንድ ታላቅ ዜና በይፋ አስታውቃለሁ፤ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ሴት አያትሽ ምሳ ላይ እንዳልዘገይ ብላ የግድግዳውን ሰዓት ሩብ ሰዓት ወደፊት ገፍታዋለች። እኔም በአዲሱ ሰዓት መዘግየቴን ቀጥያለሁ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ሲነዘንዝሽ የነበረው ጥርስ ተሻለሽ? እኛ ከወገቤ በቀር ደህና ነን። ደህና ነን ልበልሽ እንጂ ከማክሰኞው ድንጋጤ ገና አልወጣሁም።

አባትሽ አያትሽን በአሮጌዋ ፒክአፕ ይዞ ወደ ሐኪም ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ መሐል ከመሪው ሥር ጭስ ቡልቅ አለ። እንደ ምንም አቆማት። የአያትሽ በር ግን፣ እንደምታውቂው፣ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ዞሮ እስኪከፍትላት የሻርፗ ጫፍ ተለበለበ። ከዚያ የባትሪውን ገመድ መንጭቆ ነቀለው። ሲነግሩኝ ክው ብዬ ቀረሁ። የሃምሳ ሁለት ዓመት የትዳር ጓደኛዬን በአንድ ሽቦ ላጣት!

መኪናዋ ተጎትታ እንደመጣች ከመሪው ሥር በጀርባዬ ገባሁ። ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ለወፍራም ሽቦ የሚሆነው ቢጫ ተርሚናል፣ ያ የሽቦ ጫፍ ማያያዣ፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክቷል፤ ሲሰፋበት ጊዜ ሽቦው እጥፍ ተደርጎ በተራ ፒንሳ ተጨፍልቋል፤ ላዩ በናስትሮ ተጀቡኗል። ሳብ ባደርገው እንደ ወተት ጥርስ እጄ ላይ ቀረ። ጭሱ የመጣው ተርሚናሉ ላልቶ ሲግል፣ ሲግል የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ ነው። ይህ የማዶ ሠፈር ጋራዥ ውስጥ ያለ የአንድ ሰውዬ ሥራ ነው አልኳቸው። አያትሽ ያ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን እጇ ያበሰለውን እንደማይቀምስ ዛተች፤ ቅዳሜም ወስደህ አሳየኝና ልኩን ልንገረው ብላኛለች።

ያን የላክሽልኝን የተርሚናል መጭመቂያ ከነካርቶኑ አወጣሁት። አሮጌው መዳብ ጠቁሯል፤ የሚያብረቀርቀው እስኪመጣ ወደኋላ ቆረጥኩት። ለቀጭኑ ሽቦ ቀዩን ተርሚናል፣ ለመካከለኛው ሰማያዊውን መረጥኩ። መሣሪያሽ ጨምቆ ሳይጨርስ አይለቅም፤ አያትሽን ነው የሚመስለው። እያንዳንዱን ባለኝ ጉልበት ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። እስካሁን ሃያ ሦስት ቦታ ፈትቼ አሥራ አንዱ ያው ጭፍልቅ ሆኖ አገኘሁት። አሥራ አንድ! ባሰብኩት ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ሁሉም ሳይታደስ ማንም አይሳፈርባትም።

ባልሽን ጺሙን ይቀንስ በይልኝ። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሰላም ብያለሁ።

ወንድ አያትሽ
ከፒክአፗ መሪ ሥር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን

የረሳሁት፦ የማዶ ሠፈር ሰውዬ የሚባል የለም፤ ፈጥሬው ነው። ሽቦዎቹን የጨፈለቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ የነበረኝ ቢጫ ተርሚናል ብቻ ነበር፤ ሌላ ለመግዛት ሰነፍኩ። ለሴት አያትሽ ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ጨው አቀብይኝ ብዬ ተመለስኩ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፤ ክፍት ደብዳቤ ሳታነብ አሳልፋ አታውቅም። ፖስታውን አላሸግሁትም።