ስለ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አይጦችና ስለ አንድ ሐሙስ

ለምርምር ተቋማችን ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አይጥ ያረባሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስለ ማስረዳት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዋናው በር ላይ የተሰቀለው «ከአይጥ ነጻ ተቋም» የሚለው የናስ ሰሌዳ እንደሚያብረቀርቅ ሁሉ የእርስዎም ጤና እንዲያብረቀርቅ ከልብ እመኛለሁ። ጤና የምመኝልዎ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ጤና ማለት በአብዛኛው ሰውነት የራሱን ከባዕድ ለይቶ ማወቁ መሆኑን ሃያ ዓመት ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝና የምመኘውን አውቃለሁ።

ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ በተቋሙ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አይጦችን ያረባሁበትን ምክንያት እስከ ሐሙስ ድረስ እንዳስረዳ ታዝዤ ነበር። ቀኑ በማለፉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሐሙስ ዕለት የት እንደነበርኩ ከታች እደርስበታለሁ። መልሴን በጋዜጣ ማውጣቴም ለድፍረት አይቆጠርብኝ። ለአይጦቹ ክፍል የተለየ ቁልፍና የበር ላይ ጽሑፍ እንዲደረግ ከዚህ ቀደም የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጠፍተዋል ስለተባልኩ፣ ይህኛው እንኳ ሰው እጅ ይግባ ብዬ ነው።

ሥራዬን «አይጥ ማርባት» ብለው ባጭሩ ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ ራሴ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አሳጥሬ መግለጽ አልቻልኩም ነበር። ቢፈቅዱልኝ ትንሽ ላርዝመው። በሰውነታችን ያለ ሕዋስ ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ተሸክሟል፤ የዓይኑም የጉበቱም ያው ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ መቼ ይነበባል የሚለው ላይ ነው። ገጾቹን ጂን እንላቸዋለን። ከጂኑ ራቅ ብለው የሚገኙ ትንንሽ ቁራጮች ደግሞ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላሉ፤ መብራት ያልበራበት ገጽ አይነበብም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ የተወለደ ሕዋስ አድጎ የሰውነት ዘበኛ እንዲሆን አንድ ገጽ በሰዓቱ መነበብ አለበት። ካልተነበበ ሕዋሱ እንደ ጀማሪ ይቀራል፤ ሕፃኑም ሌላው ልጅ በሦስት ቀን በሚድንበት ጉንፋን ይሞታል።

ታናሽ እህቴ ሁለት ልጆች በዚህ ሁኔታ ቀብራለች። ሐኪሞቹ ጂኑን መርምረው ጤነኛ ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፤ የተበላሸው ማብሪያው ነው። እሱን ለማግኘት አራት ዓመት፣ ያንኑ ጉድለት የያዙ አይጦችን ለማራባት ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን ሦስተኛ ልጇ፣ የአሥራ አራት ወር ሴት ልጅ፣ በሆስፒታል የመስታወት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። እናቷ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ካልሆነ አትነካትም። መቅኔው የሚስማማት ዘመድ ፈልገን አላገኘንም።

ይህን ካስረዳሁ ዘንዳ፣ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ስለ ክፍሉ ንጽሕና። እነዚህ አይጦች ዘበኛ ሕዋስ ስለሌላቸው የሰው ትንፋሽ እንኳ ያሳምማቸዋል። ስለዚህ ወደ እነሱ የሚገባ ሰው ጫማውን ይቀይራል፣ ይታጠባል፣ ፀጉሩን ይሸፍናል፤ እህላቸው በእንፋሎት ከጀርም ይጸዳል፣ አየሩም ተጣርቶ ነው የሚገባው። ማክሰኞ ዕለት አይጥ ለማጥፋት ያሰማሩት የንጽሕና ግብረ ኃይልዎ በጭቃ ቦት ጫማ ገብቶ መርዝ የረጨው በግቢያችን ካሉት ክፍሎች ሁሉ ንጹሑ ውስጥ ነው። ለንጽሕና ዘመቻ ከዚህ የተሻለ መነሻ ሊገኝ አይችልም ነበር።

፪. ስለ ጭብጨባው። ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሽ ተሰብስቦ እርስዎ ስለ ንጽሕና ለሁለት ሰዓት ያህል ያደረጉትን ንግግር ሲያዳምጥ እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እያንዳንዳችን ከገዛ ደጃፋችን እንጀምር ሲሉ አጨበጨብኩ። በዚያው ደቂቃ ምድር ቤት ምን ይደረግ እንደነበር ኋላ ሰዓቱን አስልቼ ደረስኩበት። ለገዛ ቀብሬ ጭብጨባ አዋጥቻለሁ፤ ጭብጨባው ሞቅ ያለ እንደነበር ክቡርነትዎም ያስታውሱታል።

፫. ስለ ቁልፉ። ለግብረ ኃይሉ ቁልፍ የሰጡት የክፍሉ ጠባቂ፣ በግቢው ሁሉ «የአይጥ አባት» የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን እንዳይቆጡብኝ እለምናለሁ። «ልጄ፣ ማኅተም አለው እኮ፤ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘው ሲመጡ ምን ልበል?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ማኅተም ማሰብ እንደማይችል የነገራቸው አልነበረም። ዛሬም በየጠዋቱ እየመጡ ባዶዎቹን ሳጥኖች ያጥባሉ። ይተዉት ስላቸው እጄ ለምዶብኝ ነው ይሉኛል።

፬. ስለ ቁጥሩ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ሪፖርት መሠረት በዘመቻው ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ አይጦች ተወግደዋል። ለሰባቱ ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን የልደት ቀናቸውና እናት አባታቸው በካርድ ተጽፎ፣ በሳጥን ተቀምጠው የጠበቋችሁ ናቸው። በኮርኒሱ ላይ የሚሯሯጡትና የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት የሚቆረጥሙት ካርድ ስለሌላቸው ሳይገኙ ቀሩ። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲሉ፣ አንድ ቀን ዳዋውም አይጥ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል አላሰቡም ነበር።

፭. ስለ ሐሙስ። ይህን አሳጥሬ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ሃያዎቹ ማብሪያው የተጠገነ መቅኔ ተሰጥቷቸው ስድስት ሳምንት ሊሞላቸው ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከእያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ ደም ወስጄ፣ ዘበኛ ሕዋሶች ተወልደው እንደሆነ ልቆጥር ነበር። የሕፃኗ ሐኪም ያንን ቁጥር ይዞ ሕክምናውን የሚፈቅደው ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ቀጠሮ አስይዞ ነበር። ትድን ነበር አልልም፤ ሙያዬ እንዲህ እንድል አይፈቅድልኝም። ምናልባት የሃያዎቹም ደም ባዶ ሆኖ ይገኝ ነበር። ነገር ግን ሐሙስ ቁርጡን እናውቅ ነበር፤ እርስዎ የወሰዱብን ያንን ነው። አይጦቹን እንደገና ማራባት ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሐኪሙ ለሕፃኗ ሁለት ዓመት አልሰጣትም።

እህቴ ሐሙስ ጠዋት ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ፤ ቆጠርሻቸው?» አለችኝ። አዎ፣ ተቆጥረዋል አልኳት። ከዚያ ሆስፒታል ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኳትና ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ጋ አብሬያት ቆምኩ። አላለቀሰችም፤ እጇን ደጋግማ ብቻ ታጠበች። ማብራሪያዬ በቀኑ ያልደረሰዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ዘበኛ ሕዋሶች ከመሰማራታቸው በፊት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ትንሽ እጢ ውስጥ ይፈተናሉ። የራሱን አካል ከጠላት መለየት ያቃተው እዚያው ይቀራል፤ ከመቶ ተፈታኝ የሚያልፈው ከአምስት አይበልጥም። ከፈተናው ሾልኮ የወጣ ካለ እንዲጠብቀው የተሾመበትን አካል ይበላል። እኛ ይህን በሽታ እንለዋለን፤ ጽሕፈት ቤትዎ ዘመቻ ይለዋል። ለሹማምንት እንዲህ ያለ እጢ አለመፈጠሩ የተፈጥሮ ጉድለት ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን በጨዋ ቃል ለመሸፈን ግን የተቻለኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

እንግዲህ ዳግመኛ ያለ ፈቃድ አይጥ እንደማላረባ ቃል እየገባሁ፣ ከሰባት ዓመት በፊት በገዛ እጅዎ የፈረሙት ፈቃድ ግን ዛሬም ከበሩ ጀርባ እንደተለጠፈ መሆኑን እያስታወስኩ፣ ለሰሌዳዎ ወዝ፣ ለግብረ ኃይልዎ ቅልጥፍና፣ ለወንበርዎም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ እጅ እነሣለሁ።

የሦስት መቶ አሥራ ሁለት አይጦች አሳዳጊ የነበርኩት፣
የአንዲት ሕፃን አክስት

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት ክፍል፣ ከማኅደሬ ጋር እንዲያያዝ
ለንጽሕና ግብረ ኃይሉ፣ ለማስታወሻነት
ለታናሽ እህቴ፣ የሐሙስ ምትክ ባይሆንም

ከፈረምኩ በኋላ የደረሰኝ፦ ሦስቱ ደብዳቤዎቼ መገኘታቸውን ጸሐፊዎ ትናንት ጠርታ አሳየችኝ። «መልስ የሚጠብቁ» ተብሎ በተጻፈበት የጠረጴዛዎ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ አንዲት ካርድ የሌላት አይጥ ቆራርጣ ጎጆ ሠርታባቸዋለች። ዓይናቸው ያልተገለጠ ስድስት ልጆቿ ተቃቅፈው ተኝተውበታል። ጸሐፊዋ ምን ላድርጋቸው ብትለኝ፣ መሳቢያውን ቀስ ብለሽ ዝጊው አልኳት። በዚህ ተቋም ውስጥ ደብዳቤዎቼ የጠቀሙት እነሱን ብቻ ነው።